ኦፓል ስትራውድ እስክትቀመጥ

በቲልደን ከተማ ሰው ቆሞ የሚጠብቀው ሁለት ቦታ ነው፤ ቀብርና ቅርጫት ኳስ። ቀብር ላይ ፓስተሩ ጸሎቱን ሲጨርስ ይቀመጣል። ቅርጫት ኳስ ላይ ግን የኮሌጁ ቡድን፣ «በቅሎዎቹ» የሚባሉት፣ የመጀመሪያዋን ኳስ እስኪያስገቡ ድረስ ማንም አይቀመጥም። ሕፃን የታቀፈችም ትቆማለች፣ ከንቲባውም ሆዱን ይዞ ይቆማል። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ደፍሮ ያፈረሰውም የለም።

ኦፓል ስትራውድ ከሃያ ዓመቷ ጀምሮ፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በአዳራሹ ክፍል ሦስት፣ ስድስተኛው ረድፍ ላይ፣ በየዓመቱ ከኮሌጁ በምትከራየው ወንበር ፊት ቆማለች። ሁለት ጊዜ እርጉዝ ሆና ቆማለች። ባሏ ሜርል በተቀበረ በአራተኛው ቀን ጎረቤቶቿ ቤትሽ አርፈሽ ተቀመጪ ቢሏት፣ ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ከማይ ብላ መጥታ ቆማለች።

አንድ የሚያከራክር ነገር ነበር። የቅጣት ውርወራ ቢገባ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? የቀረው አዳራሽ ነጥብ ነጥብ ነው ብሎ ይቀመጣል። ክፍል ሦስት ግን ሜርል በሕይወት ሳለ በሰጠው ፍርድ ነው የሚተዳደረው። «የቅጣት ውርወራ ማንም ሳይከለክልህ ቆመህ የምትወረውረው ነው፤ ያንንማ እኔም አስገባዋለሁ» ብሎ ነበር። ሜርል ትራክተር ጠጋኝ እንጂ ዳኛ አልነበረም። ይሁን እንጂ ይግባኝ ያለበት ሰው አልተገኘም።

በቅሎዎቹ ትልቅ ቡድን ሆነው አያውቁም። የቲልደን ሰው ስለ ቡድኑ ሲጠየቅ ግን፣ በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው እንዳለችው፣ የሠላሳ ዓመቱን ሽንፈት ዘሎ የግዛቱን ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አንድ ጊዜ በአንድ ነጥብ የረቱበትን ቀን ነው የሚያወራው። ያለፈው ዓመት ግን ለወሬ እንኳ የሚሆን ነገር አላስተረፈም። ከሠላሳ አንድ ጨዋታ አራት አሸነፉ። አሰልጣኙ ተባረረ። በአሁኑ ደንብ ተጫዋች ካሻው በየዓመቱ ኮሌጅ መለወጥ ይችላልና፣ ከአሥራ ሦስቱ ልጆች አሥራ ሁለቱ የቤት ኪራይ እንደተጨመረበት ተከራይ ዕቃቸውን ሸክፈው ውልቅ አሉ። የቀረው አሥራ ሦስተኛው ጥሩ ልጅ ነው፤ ጨዋታ ባይችልም።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። የሬዲዮ ጣቢያው ሰውዬ ቀለደ፣ ፀጉር አስተካካዩ ቀለደ፣ በአርባ ዓመት አንድ ጨዋታ ገብቶ የማያውቀው ፖስተኛ ሳይቀር ቀለደ። ኮሌጁም የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በቀር አሰልጥኖ የማያውቅ ፖላርድ የሚባል የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ቀጠረ።

ኦፓል ሰውየውን ያየችው በጥቅምት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት በተደረገው የደጋፊዎች እራት ላይ ነው። ሁሉም እንኳን ደህና መጣህ እያለ ሲያሞጋግሰው እሷ እጇን አውጥታ፣ ቡድኑ ቡድን እስኪሆን ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ሳያስጌጥ እንዲነግራት ጠየቀችው። ፖላርድ ማንኪያውን አስቀመጠ። ሦስት ዓመት፣ አለ፤ ዘንድሮ በጣም እናስጠላለን። አዳራሹ ቀዘቀዘ። ኦፓል ግን በዚያች ቅጽበት ወደደችው፤ ከሱ በፊት የመጡት ሰባት አሰልጣኞች በሙሉ ዘንድሮ፣ ዘንድሮ ሲሏት ነው ያረጀችው። ሰባ ስድስት ሲደመር ሦስት፣ ሰባ ዘጠኝ። እደርሳለሁ አለች በልቧ። አንድ ጊዜ፣ ከመሞቷ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደህና ቡድን አይታ መሞት ነው የምትፈልገው። ይህ ብዙ መጠየቅ አይመስላትም።

ያስቸገራት ዳሌዋ ነው። የግራ መጋጠሚያዋ አልቆ አጥንት ከአጥንት ይፋጫል። ሐኪሟ ወይ በቀዶ ሕክምና በሰው ሠራሽ ይለወጥልሽ፣ ወይ ደረጃ መውጣትና ብዙ መቆም ይቅርብሽ ብላታለች። ኦፓል ለሰው የምትናገረው ጊዜ የለኝም እያለች ነበር። እውነቱ ፍርሃት ነው። ሜርል ለጉልበቱ ብሎ በእግሩ እየሄደ ሆስፒታል ገባ፤ በሦስተኛው ቀን የረጋ ደም ሳንባው ውስጥ ገብቶ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የሆስፒታል ሽታ ሲሸታት እንኳ ወደ በሩ ትዞራለች።

ልጇ ከርት የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ነው የሚኖረው፤ የበቆሎ ዘር የሚሸጥ፣ ሃምሳ አንድ ዓመት የሞላው፣ ነገር የሚያብላላ ሰው። ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው መጣና ወጥ ቤቷ ውስጥ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«እማ፣ አልታከምም ካልሽ ወንበሩን መልሺ» አላት። «ባለፈው መጋቢት ጎንሽ የሚቀመጠው ዶይል እጅሽን ባይዝሽ ኖሮ ደረጃው ላይ ተሰባብረሽ ቀርተሽ ነበር። በቴሌቪዥን እይው፤ ጨዋታው ያው ነው።»

«በቴሌቪዥን የሚያይማ የሰው ቡድን ደጋፊ ነው።»

«እንግዲያው እንዋዋል። በመጀመሪያው ጨዋታ እንደ ደንባችሁ ኳሷ እስክትገባ ከቆምሽ፣ ወንበርሽ ወንበርሽ ነው። ስለ ዳሌሽም ስለ ደረጃውም ሁለተኛ ትንፍሽ አልልም። ከዚያ በፊት ከተቀመጥሽ ግን ሰኞ እኔ ራሴ ለኮሌጁ ጽፌ ወንበሩን አስረክባለሁ።»

ኦፓል ሳታመነታ እጇን ዘረጋችለት። ያ የከፋ የአምናው ቡድን እንኳ የመጀመሪያዋን ለማስገባት ከሁለት ደቂቃ በላይ ፈጅቶበት አያውቅም። ሁለት ደቂቃ ማንን ይገድላል? ልጇን ያታለለችው መስሏት ማታ ብቻዋን ሳቀች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነበር። ከርት ክንዷን ይዞ ስድስቱን ረድፍ አወጣት፤ በየደረጃው ጥርሷን ነክሳ እየተነፈሰች ወጣች። ዶይል ፊንች ቀድሟት መጥቷል። ዶይል የትምህርት ቤት አውቶቡስ መካኒክ የነበረ፣ አርባ ዓመት ጎኗ የተቀመጠ፣ በአርባ ዓመት ውስጥ በአንድ ነገር ተስማምቷት የማያውቅ ሰው ነው። ፈንዲሻውን ዘረጋላትና፣ የአዲሶቹን ልጆች ስም ወረቀት ላይ አንብቦ እንደጨረሰ፣ አንዱንም እንደማያውቀው፣ እነሱም እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ እንደማይመስለው ነገራት።

የተጋጣሚያቸው የብሬንተን ኮሌጅ ልጆች ረጃጅም ናቸው። ጨዋታው ተጀመረ፣ ሕዝቡም ቆሞ ማጨብጨብ ጀመረ። በቅሎዎቹ የመጀመሪያዋን ወረወሩ፤ ብረቱን መታች። ሁለተኛዋ ብረቱንም አላገኘችው። ሦስተኛዋ ጠርዙ ላይ ዞራ ዞራ ወደ ውጭ ወደቀች፤ ሕዝቡ አብሯት አዘነ። ብሬንተኖች ግን እንደ ቤታቸው ገቡ ወጡ። አራት ደቂቃ ሲሆን ጭብጨባው ሳሳ። አምስት ደቂቃ ሲሆን የኦፓል ዳሌ ነገር ጀመረ፤ መጀመሪያ ሞቀ፣ ከዚያ ነደደ፣ ከዚያ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚወርድ ነገር ሆነ።

በስድስተኛው ደቂቃ ቴቪን ሜይስ የሚባል አጭር ኳስ አቀባይ ተገፍቶ ወደቀና ሁለት የቅጣት ውርወራ ተሰጠው። አንዷን ሳተ፣ አንዷን አስገባ። አዳራሹ በሙሉ እፎይ ብሎ ዱብ አለ። ከርትም ተቀመጠ።

«ገባች እኮ፣ እማ። ተቀመጪ።»

«ያ ቅጣት ነው።»

ከርት ቀና ብሎ አያት። የአባቱን ሕግ ረስቶት አልነበረም፤ ዛሬ ግን ማንም አይጠቀምበትም ብሎ አስቦ ነበር። ክፍል ሦስት ውስጥ ቆመው የቀሩት አሥራ አምስት ያህል ሽማግሌዎች ናቸው። በአሥረኛው ደቂቃ ስምንት ሆኑ። በአሥራ ሦስተኛው ዶይል ጉልበቱን እያሸ፣ ሜርል ይህን ቡድን ቢያይ ሕጉን ያሻሽለው ነበር ብሎ ተቀመጠ። ኦፓል ዞር ብላም አላየችው። የዕረፍት ደወል ሲደወል ሰሌዳው ሃያ ዘጠኝ ለአምስት ይላል፤ አምስቷም የቅጣት ውርወራ ናት። በስድስት ሺህ ሰው አዳራሽ ውስጥ በዚህ ምክንያት የቆመች ኦፓል ብቻ ነበረች።

አሁን ከርት ፈራ። ውሉን ያመጣው እናቱን ከደረጃ ሊያድን እንጂ ዓይኑ እያየ ሊገድላት አልነበረም። ዕረፍት ጨዋታ ስላልሆነ ብትቀመጥ እንደማይቆጥርባት በቀስታ ነገራት። ኦፓልም ፈተናው ቀላል አልሆነላትም፤ ከኋላዋ ያለው የእንጨት ወንበር ከዚያ በፊት እንደዚያ አምሯት አያውቅም።

«ብቀመጥ መነሳት አልችልም» አለችው በመጨረሻ። «አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ።» ከፊቷ ያለውን የብረት መደገፊያ በሁለት እጇ ያዘችና የማርሽ ባንዱን እስከ መጨረሻው ቆማ አዳመጠች።

የተጫዋቾቹ መውጫ ከክፍል ሦስት ሥር ነው። ልጆቹ ከዕረፍት ሲመለሱ አጭሩ ልጅ፣ ቴቪን፣ ከሰልፉ ወጣ አለና ቀና ብሎ አያት። ከሌላ ኮሌጅ የመጣው በነሐሴ ነው፤ የከተማውን ደንብ የነገረው ሰው አልነበረም። ዕረፍት ላይ ግን ያ ጨዋታ የማይችለው አሥራ ሦስተኛ ልጅ ነግሮታል።

«እማማ፣ እስካሁን የቆሙት በኛ ምክንያት ነው?»

«በናንተ ምክንያት አይደለም። በኳሷ ምክንያት ነው።»

«እባክዎ ይቀመጡ። እኔ ብቻዬን ስድስት ስቻለሁ።»

«ሰባት ነው፤ እየቆጠርኩ ነው» አለችው። «ሰባቱንም ወደ ኋላ እየሸሸህ ነው የወረወርከው፤ የሚያባርርህ ሰው ያለ ይመስል። አትቸኩል፣ ልጄ። እኔ የትም አልሄድም።»

ልጁ ራሱን ነቅንቆ ሮጠ። ዶይል ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ ሃምሳ ዓመት የተሟገትኩሽ በከንቱ ነው፣ አሰልጣኝ መሆን ነበረብሽ አላት። አርባ ነው አለችው።

ሁለተኛው ግማሽ በተጀመረ በሦስተኛው ደቂቃ በቲልደን ታይቶ የማይታወቅ ነገር ሆነ። ከበቅሎዎቹ አንዱ ወርውሮ የሳታትን ኳስ የብሬንተን ረጅም ልጅ ከአየር ላይ ሊያወጣት ሲል በገዛ መዳፉ ወደ ቅርጫቱ ከተታት። ሰሌዳው ሁለት ነጥብ ጨመረ። ተናጋሪውም ነጥቡን ቅርብ ለነበረው ለዚያ ለአሥራ ሦስተኛው ልጅ መዘገበው። አዳራሹ ፈነዳ። ሰው ሁሉ ወደ ክፍል ሦስት ዞሮ፣ አሁንስ ተቀመጪ እያለ በእጁ ምልክት ያሳያት ጀመር። የኦፓል ወሬ በፈንዲሻ ሰልፍ ላይ አዳራሹን አዳርሶት ኖሯል።

«ገባች፣ ኦፓል» አለ ዶይል። «ቅጣት አይደለም። ይህቺ ሙሉ ቅርጫት ናት።»

«የኛ ልጅ እጅ ነክቷታል?»

«ሰሌዳው ላይ የኛ ተብላ ተጽፋለች።»

«እንግዲያው ሰሌዳው ይቀመጥ።»

ከርት መጀመሪያ ሊቆጣ ነበር፤ ሳቅ ቀደመው። ሜርል ስለ እንዲህ ያለ ነገር የተናገረው ቃል የለም፤ እናቱ በራሷ ሥልጣን አዲስ ሕግ አወጣች ማለት ነው። ከዚያ እጆቿን አያቸው። ብረቱን የያዙት ጣቶቿ ነጥተዋል፣ የግራ እግሯም ከጉልበቱ በታች ይርገበገባል። ሳቁ ጠፋ። ተነሳና ክንዷን ሊደግፍ እጁን ሰደደ።

«አትያዘኝ» አለችው ቀስ ብላ። «ከያዝከኝ አልቆምኩም። ዝም ብለህ አጠገቤ ቁም።»

ቆመ። ዶይልም ክረምቱን ሙሉ ይህን ወሬ ከሚሰማ ቆሞ ቢሞት እንደሚሻለው አጉረምርሞ ጉልበቱን እየረገመ ተነሳ። ሦስቱ ብቻ ቆመው ቀሩ።

ሁለት ደቂቃ አለፈ። ኦፓል አሁን ጨዋታውን እየተከታተለች አልነበረም፤ ቴቪንን ብቻ ነው የምታየው። ኳሷን ይዞ ወደ ቀኝ ሄደ፣ አንዱን አለፈ፣ ረጅሙ ልጅ ሲመጣበት እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ሊሸሽ እግሩን አነሳ። ከዚያ ተወው። ቆመ። ረጅሙ ልጅ ዘሎ አለፈው። ቴቪን ሁለቱን እግሮቹን ወለሉ ላይ አደላድሎ፣ ጊዜ እንዳለው ሰው፣ ወረወራት።

ገባች።

ሠላሳ ሰባት ለዘጠኝ እየተሸነፈ ያለ አዳራሽ ዋንጫ እንደወሰደ ጮኸ። ተቀያሪ ወንበር ላይ ያሉት ልጆች ሳይቀሩ ፎጣቸውን ወደ ላይ ወረወሩ። ቴቪን ወደ መከላከያው እየሮጠ በአንድ ጣቱ ወደ ክፍል ሦስት ጠቆመ። ኦፓል ልትቀመጥ ሞከረች። ዳሌዋ እንቢ አለ፤ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ቆሞ መታጠፍን ረስቷል። ከርት በአንድ በኩል፣ ዶይል በሌላ በኩል ይዘው እንደ ፒያኖ ቀስ አድርገው አወረዷት። ወንበሩ ሲነካት እንባዋ መጣ። አላፈረችበትም፤ በሕመምም በደስታም ነበር የምታለቅሰው፣ የትኛው እንደሚበልጥ ግን አታውቅም።

ጨዋታው ስልሳ ስድስት ለሠላሳ ስድስት ተሸንፈው አለቀ። ኦፓል ግን የመጨረሻውን አሥር ደቂቃ ለብቻው ቆጥራዋለች። አሥራ ዘጠኝ ለአሥራ ስምንት፣ በቅሎዎቹ መርተዋል። ደረጃውን ስትወርድ ላገኘችው ሰው ሁሉ ይህንኑ ተናገረች፤ ሰውም በአዘኔታ አዎ አላት። አዘኔታቸውን እዚያው ትታላቸው ወረደች።

ከርት መኪናውን ቀስ ብሎ ነዳ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የታጨደው የበቆሎ ማሳ የምሽት ፀሐይ መትቶታል።

«አሸንፈሻል» አላት። «ወንበሩ ያንቺ ነው። ስለ ዳሌሽም ሁለተኛ አላነሳም፤ ቃሌ ነው።»

ድምፁ ውስጥ ቂም አልነበረም። የነበረው ፍርሃት ነው፤ እናቴን አንድ ቀን ደረጃ ላይ ወድቃ አገኛታለሁ የሚል ልጅ ፍርሃት። ኦፓል ወደ ልጇ ዞረች። እስከዛሬ የምትፈራው እሷ ብቻ ይመስላት ነበር። እሱም አባቱን በሦስተኛው ቀን ያጣ ልጅ ነው፤ ሆኖም ታከሚ ሲላት ነው የከረመው። ይህን ለማለት ምን ያህል ልቡን እንዳጠነከረ አሁን ገባት።

«ሰኞ ለሐኪሟ ደውልልኝ» አለችው። «ትቀይረው።»

ከርት መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። «ምን አልሽ?»

«ሰምተኸኛል። አልፈራም እያልኩህ አይደለም፤ አባትህም በእግሩ እየሄደ ነው የገባው። ግን ልጆቹን ዛሬ አየኋቸው። መወርወር አይችሉም እንጂ ያ ሁሉ ሲደርስባቸው አንዱም አንገቱን ደፍቶ አልቆመም። አሰልጣኙ ሦስት ዓመት ብሏል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዛሬ ሊያስቆሙኝ ነው። በዚህ ዳሌ አልችላቸውም።»

ከርት መሪውን ለቀቀ። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ፤ ኦፓል ያላየች መስላ ወደ ማሳው ዞረች።

«ስድስት ሳምንት መተኛት አለ ብላኛለች» ስትል ቀጠለች። «በዚያ ጊዜ ውስጥ በኛ አዳራሽ አራት ጨዋታ አለ።»

«በሬዲዮ ትሰሚዋለሽ።»

«እኔማ እሰማለሁ። አንተ ትቆማለህ።»

ከርት የሁለት ሰዓቱን መንገድ አሰበ፣ የሥራ ቀኖቹን አሰበ፣ ዛሬ በመጀመሪያዋ የቅጣት ውርወራ ዱብ ማለቱንም አሰበ። ሰዉ ምን ይለኛል አላት።

«ምንም አይልህም። ያ ልጅ ስቶ ስቶ ቀና ሲል ቦታዬ ላይ ሰው ቆሞ ይይ። ሌላ ነገር አልጠየቅኩህም።»

ሞተሩን አስነሳና ወደ መንገዱ ገባ። ጥቂት እንደሄዱ የሚቀጥለው ጨዋታ መቼ እንደሆነ ጠየቃት።

«ረቡዕ» አለች ኦፓል፣ ዳሌዋን በመዳፏ እያሸች። «ለረቡዕ አታስብ። ረቡዕ ገና እኔው አለሁ።»